የት ሀገር ልኑር እያለ መጋረጃ ያልሰቀለው ልጅ

ደብዳቤው፦

“ሰላም እትዬ፣ እንደምን አሉልኝ። 31 ዓመቴ ነው፣ አያት ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ አካውንታንት ነኝ። ችግሬን ሲሰሙት ቀልድ ሊመስልዎት ይችላል። ማታ ከስራ ስመጣ እራቴን እበላና ስልኬን ይዤ ሌላ ሀገር እገባለሁ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ዝም ብሎ ከተማ ውስጥ የሚሄድበት ቪዲዮ አለ አይደል፣ እሱን እያየሁ ሌሊት ሰባት ስምንት ሰዓት ይሆናል። ሊዝበን፣ ቫንኩቨር፣ ስቶክሆልም፣ ኬፕታውን፣ ሜልበርን። በጎግል ማፕ መንገዱን እየሄድኩ ሱቆቹን ሁሉ ለይቻቸዋለሁ፣ ሊዝበን ላይ 28 ቁጥር ትራም የት ጋ እንደሚታጠፍ ቦሌን ከማውቀው በላይ አውቃለሁ። ውሃ ዳር ቡና ይዤ ቁጭ እላለሁ፣ ማንም አያውቀኝም፣ ማንም መቼ ነው የምታገባው አይለኝም። ዲቪ በየዓመቱ ሞልቻለሁ፣ ከዛ ውጪ ግን አንድም ነገር አልሞከርኩም። እጮኛ አለችኝ፣ ነርስ ናት፣ ከተዋወቅን ሁለት ዓመት ሆነን። ባለፈው ቅዳሜ መጥታ መጋረጃ እንግዛ አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ መስኮቴ ላይ ያለው አንሶላ ነው፣ ፍራሼም መሬት ላይ ነው። ለምን ብር እናወጣለን፣ እንሄድ የለ እንዴ አልኳት። ‘ወዴት?’ አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዛ ቀን ጀምሮ ስልክ ታነሳለች፣ ድምጿ ግን ልክ አይደለም። ሁለት ጥያቄ ነው ያለኝ፤ አንደኛ ይሄ ነገር በሽታ ነው? ሁለተኛ እርስዎ ውጭ ስለኖሩ ከነዚህ አምስቱ የቱ ይሻለኛል? ግራ የገባኝ፣ ከአያት።”

ወንድሜ ግራ የገባህ፣

ደብዳቤህን ሳነብ ሳቅኩ፣ እንዳትቀየመኝ፣ በአንተ አደለም የሳቅኩት፣ በአንሶላው ነው። አራት ዓመት! አራት ዓመት መስኮት ላይ የቆየ አንሶላ ምን እንደሚመስል እኮ አውቃለሁ፣ ፀሐይ የሚመታው በኩል ይነጣል፣ ከላይ አንደኛው ጥግ ምስማሩ ይለቅና ይንጠለጠላል፣ ጠዋት በዛች በተንጠለጠለችው ጥግ ፀሐይዋ ሌላ ቦታ የሌላት ይመስል ልክ ዓይንህ ላይ ትገባለች፣ አንተም ‘ዛሬ ማታ አስተካክለዋለሁ’ ትልና ማታ ሊዝበን ትሄዳለህ። ተሳሳትኩ?

በሽታ ነው ወይ ላልከኝ፣ ኧረ አደለም። እኔ ያደግኩበት ቤት ሳሎን ውስጥ አንድ ትልቅ ፖስተር ነበረ፣ መቼም በዛ ዘመን ያልሰቀለው ቤት የለም፣ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ጀርባ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ጥግ ላይ ጣሪያዋ ቀይ የሆነች አንዲት ቤት። እናቴ ቡና እያፈላች ቀና ትልና “እቺ ቤት የኔ ናት” ትላለች። አንድ ቀን ልጆቹ አናደድናት “ተዉኝ፣ ቤቴ እሄድላችኋለሁ” ብላ በጣቷ ወደ ፖስተሩ ስትጠቁም እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። የት ሀገር እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም፣ ቢነግሯትም ደስ የሚላት አይመስለኝም ነበር። ግን ልብ በል፣ እናቴ ከፖስተሩ ስር ያለውን ሶፋ ዳንቴሉን በየሳምንቱ እያጠበች፣ እያሰጣች፣ እያስተኮሰች ነበር የምታለብሰው። ቤቷ እዛ ማዶ ናት፣ ዳንቴሉ ግን እዚህ ይታጠባል።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለውን መቼም ሳይነግሩህ አልቀሩም፣ እናትህም ጓደኞችህም። እኔ እሱን አልልህም። የሰማይዋ ላም ማንንም አልጎዳችም፣ ሳር አትጠይቅ፣ እበት አታበላሽ። ያንተ ነገር ግራ ያጋባኝ በረት ያለችውን ሳታልባት አራት ዓመት መቆየትህ ነው፣ ያውም ባለፈው ቅዳሜ ደሞ ሌላ ሰው ላልብልህ ስትል ከለከልክ።

አሁን ስለ ቪዲዮዎቹ። ዳንኤል ካህነማን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2002 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመ ሰውዬ። በ1998 ዴቪድ ሽኬድ ከሚባል ባልደረባው ጋር አንድ ጥናት አወጡ፤ ካሊፎርኒያ የሚማሩ ተማሪዎችን እና ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት በመሃል አሜሪካ የሚማሩትን በኑሯችሁ ምን ያህል ደስተኛ ናችሁ ብለው ጠየቋቸው፣ መልሱ እኩል ለእኩል ሆነ። ቀጥለው ደሞ እንዳንተ ዓይነት ሰው እዛኛው ቦታ ቢኖር ምን ያህል ደስተኛ ይሆናል ሲሏቸው የሁለቱም ሀገር ልጆች ካሊፎርኒያ ያለው ይበልጣል አሉ። ለምን መሰለህ፣ ስለ ሩቅ ቦታ ስንጠየቅ ጭንቅላታችን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያነሳው፣ ፀሐዩን፣ ባህሩን። እዛ ያለው ሰውዬ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያስብ አይውልም፣ ኪራዩን፣ አለቃውን፣ የጥርሱን ህመም ነው የሚያስበው። ያ ካሜራ ይዞ የሚሄደው ሰውዬ ደሞ ይኸው ስንት ቪዲዮ አይተህለታል፣ አንድ ቀን ኪራይ ሲከፍል አይተኸዋል? ሽንት ቤት ፈልጎ ሲጨነቅስ?

እሺ እኔ ስቶክሆልም 11 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ካልካቸው አምስቱ እሷን ነው በሥጋዬ የማውቃት፣ ስለዚህ በእሷ ልጀምርልህ።

የመጀመሪያው ታህሳስ ላይ ለእናቴ በስካይፕ ደወልኩ፣ ከጀርባዬ ያለው መስኮት ጨልሟል፣ መብራት አብርቻለሁ። “ስንት ሰዓት ነው እዛ?” አለችኝ። “ዘጠኝ ሰዓት” አልኳት። “ውይ! እስካሁን ሳትተኚ?” “ኧረ እማዬ የቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው”። ዝም አለች። እዚህ በእሷ በኩል አስራ አንድ ሰዓት ሆኖ ገና ፀሐዩ ግድግዳው ላይ ነው። እና ምን አለችኝ መሰለህ፣ “ምን አጥፍታችሁ ነው?”

አየህ የኛ ሰዓት አቆጣጠር እኮ ፀሐይዋ ታማኝ ስለሆነች ነው የሚሰራው፣ አስራ ሁለት ላይ ትወጣለች አስራ ሁለት ላይ ትገባለች፣ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ቢረዝም ቢያጥር ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስቶክሆልም ታህሳስ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፣ የምትገባው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ። ቢሮ ገብተህ ምሳ በልተህ ቀና ስትል መሽቷል። ሰኔ ላይ ደሞ ተቃራኒው፣ ማታ አራት ሰዓት ትገባና ሌሊት ዘጠኝ ተኩል ላይ ተመልሳ ትመጣለች። ዘጠኝ ሰዓት የሚለውን ቃል እኔ እዛ ሀገር ነው ያጣሁት፣ ቀን ስለው ጨለማ፣ ሌሊት ስለው ብርሃን። የመጀመሪያው ሰኔ ለአንድ ሳምንት አልተኛሁም፣ ልብስ ጠቅልዬ ዓይኔ ላይ አስሬ ሁሉ ሞክሬያለሁ። ከዛ በገዛ ደሞዜ መጀመሪያ የገዛሁት ዕቃ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? መጋረጃ። ብርሃን የማያስገባ ጥቁር መጋረጃ። አልጋ ሳልገዛ ነው እሱን የገዛሁት፣ እንግዲህ አንተ ስቶክሆልም ብትሄድም ከዛ ወሬ አታመልጥም ማለት ነው።

ማንም አያውቀኝም ያልከው ነገር ደሞ። እሱን ቀስ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም በደብዳቤህ ውስጥ ትልቁ ነገር እሱ ነው የመሰለኝ።

እዛ ብዙ ህንፃ ላይ ልብስ ማጠቢያ ማሽን በየቤቱ የለም፣ ምድር ቤት ውስጥ የጋራ ክፍል አለ። ግድግዳው ላይ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ የቤትህ ቁጥር ያለባት ትንሽ መቆለፊያ ይሰጡሃል፣ የምትፈልገው ሰዓት ላይ ሰክተህ ትቆልፋታለህ፣ በቃ ያ ሰዓት ያንተ ነው፣ ንጉሥም ቢመጣ አይነካውም። እኔ በገባሁ ወር 20 ደቂቃ አሳለፍኩ። ስወርድ እርጥብ ልብሴ ቅርጫት ውስጥ ወጥቷል፣ ማሽኑ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ ሦስት ቃለ አጋኖ ያለው። ቋንቋውን ገና አላውቅም፣ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በማግስቱ ቋንቋ የምታስተምረን ሴትዮ ጋ ወሰድኩት፣ ምን ክፉ ነገር ደረሰብኝ ብዬ ሆዴ እየተላወሰ። አነበበችልኝ። “ጊዜሽ አልፏል። የማድረቂያውን ማጣሪያም አላጸዳሽም።” ስም የለው ሰላምታ የለው። ማን እንደጻፈው 11 ዓመት ሙሉ አላወቅኩም፣ በየደረጃው ሰው ባገኘሁ ቁጥር እሷ ትሆን እሱ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት። በኛ ሰፈር ቢሆን ጎረቤቴ በሬን ደብድባ ትሰድበኛለች፣ እኔም እሰድባታለሁ፣ ከዛ የጀበናው ሽታ ይይዛትና ሁለተኛውን ጠጥታ ትሄዳለች።

ክፉ ሰዎች ናቸው እያልኩህ አደለም! ለኔ ደግ ሀገር ነበር። ከተማው 14 ደሴት ላይ ነው የተሰራው፣ በሄድክበት ውሃ ነው፣ ጫካውን የግል ነው ብሎ የሚከለክልህ የለም፣ ህጋቸው የሰው ጓሮና እርሻ እስካልነካህ ድረስ የማንም መሬት ላይ ገብተህ እንጆሪና እንጉዳይ ልቀም ይልሃል። ለወለዱ ሰዎች 480 ቀን በክፍያ የሚሰጥ እረፍት ነው ያለው፣ አባቶች ጋሪ እየገፉ በቀን ሲዞሩ ስታይ መጀመሪያ ስራ የፈቱ ይመስልሃል። መቼ ነው የምታገቢው ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። ሁለት ዓመት በደስታ አበድኩ። ከዛ አንድ ቀን ሪንከቢ የሚባል ሰፈር አውቶብስ ስጠብቅ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት አጠገቤ ቆሙና ከላይ እስከታች አዩኝ፣ “የማን ልጅ ነሽ? አግብተሻል?” አሉኝ። ስመልስላቸው፣ ሲመክሩኝ፣ ‘የእህቴ ልጅ አለ’ ሲሉኝ አውቶብሱ መጣና ሄደ፣ ሁለተኛውም መጣና ሄደ። ያኔ ነው የገባኝ፣ የሚሰለቸኝ ጥያቄው ሳይሆን በቀን አስር ጊዜ መጠየቁ ነበር፣ በዓመት አንዴ ሲሆን ግን ይናፍቃል።

ቤትስ? ኪራይ ቤት በወረፋ ነው፣ ወረፋው በቀን ይቆጠራል፣ ወላጆች ልጃቸው 18 ሲሞላው ተመዝገብ ይሉታል፣ ሲያረጅ ያገኛል ብለው እየቀለዱ። አዲስ መጤ ስለሆንክ ከተከራይ ላይ ትከራያለህ፣ ባለቤቱ ሲመለስ ትወጣለህ፣ እኔ ስድስት ቤት ቀይሬያለሁ፣ ያቺን ጥቁር መጋረጃ በጉያዬ ይዤ።

ሌሎቹን በሩጫ ልንገርህ። ሊዝበን ክረምቱ ቀላል ነው ብለው ድሮ ሲሰሩት ብዙው ቤት ማሞቂያ የለውም፣ ስለዚህ ጥር ላይ ከውጭ ይልቅ ሳሎን ውስጥ ይበርድሃል፣ ኪራዩ ደሞ ባለፉት ዓመታት ከሀገሬው ደሞዝ አቅም በላይ ሆኗል። ያቺ የምትወዳት 28 ቁጥር ትራም ቱሪስት ስለሚሞላት የሰፈሩ አሮጊቶች መቀመጫ አያገኙም፣ ኪስ አውላቂም አይጠፋባትም፣ እንግዲህ ከአያት ታክሲ በምን እንደምትለይ አንተው ንገረኝ። ቫንኩቨር ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ነው፣ ቤት ደሞ አይቀመስም። ኬፕታውን በ2018 ውሃ ሊያልቅባት ደርሶ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ተፈቅዶ ነበር፣ መቼም እኛ በጀሪካን ስላደግን እሱ ላያስደነግጥህ ይችላል። ሜልበርን ላይ እናትህ ማታ ሁለት ሰዓት እራት ስታቀርብ አንተ ጋ ሊነጋ ጥቂት ሰዓት ነው የሚቀረው፣ ለመደወል ወይ እሷ ወይ አንተ እንቅልፍ ትከፍላላችሁ።

በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። እኔ ይሄን ተረት ትንሽ ጠምዝዤ ነው የምጠቀምበት፤ ሳሩ ሁሉም ጋ አለ፣ ገደል የሌለበት ሀገር ደሞ የለም፣ ስለዚህ ገደሉን ምረጥ። የትኛውን ችዬ እኖራለሁ በል። ጨለማውን? ብቸኝነቱን? ኪራዩን? ከእናት መራቁን? እዛው ስቶክሆልም የምትኖረው እህቴ ያንን ጨለማ ከቁም ነገር አትቆጥረውም፣ ታህሳስ ሲገባ እንደነሱ መስኮቷ ላይ ሻማና ኮከብ አብርታ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጋ፣ ልጆቿን ይዛ ቤት ውስጥ ቁጭ ማለት ነው የምትወደው፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉንም ሰው የማያናግረኝ ብቸኛው ቦታ ትለዋለች። እዛው ነው የምቀበረው ብላለች። አንድ እናት የወለደችን፣ አንድ ፖስተር ስር ያደግን ነን እንግዲህ።

አሁን ወደ እጮኛህ ልምጣ፣ ቅድም ጀምሮ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። አምስት ከተማ አለ፣ ትራም አለ፣ ቡና አለ፣ ውሃ አለ። ሰው የለም። እሷ የት ናት? ሊዝበን ውሃው ዳር ስትቀመጥ ወንበሩ አንድ ነው ወይስ ሁለት? እኔ ሳየው አንድ ነው። ‘እንሄድ የለ እንዴ’ ስትላት ‘እን’ ያልከው በአፍህ ብቻ መሆኑን ሰምታልሃለች፣ ሴት ልጅ ይሄን ትሰማለች፣ አልዋሽህም። ግን ምን እንዳለችህ ልብ ብለህ አይተኸዋል? አልሄድም አላለችም። አብደሃል አላለችም። ‘ወዴት?’ ነው ያለችው። ወንድሜ፣ ወዴት ብሎ የሚጠይቅ ሰው እኮ ጫማውን የሚፈልግ ሰው ነው። አንተ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ‘አንቺስ የት መኖር ትፈልጊያለሽ’ ብለሃት እንደማታውቅ እርግጠኛ ነኝ፣ ጠይቀሃት ቢሆን መልሷን ትጽፍልኝ ነበር።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄን ስነግርህ ትንሽ ያሳፍርሃል። ነርስ ናት ብለህ አለፍክ። ነርስ እኮ ከአካውንታንት ይልቅ በር የሚከፈትላት ሙያ ነው፣ ካናዳ ትፈልጋቸዋለች፣ ጀርመን ትፈልጋቸዋለች። ቀላል አደለም፣ ጀርመን ቋንቋውን እስከ ቢ ሁለት ደረጃ ተማሪና ዲፕሎማሽን አስመዝኚ ትላለች፣ ካናዳ ኤንክሌክስ የሚባል ፈተና አላት፣ ዓመታት ይፈጃል፣ ግን መንገድ ነው። አንተ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት በጎግል ማፕ ስትኳትን መንገዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤትህ እየመጣ ፍራሽህ ላይ ይቀመጥ ነበር። ደሞ እንዳታበላሸው! ዛሬ ማታ ደውለህ “ለካ ነርስ ነሽ፣ ጀርመን እንሂድ” ብትላት ስልኩን ጆሮህ ላይ ብትዘጋው ሀቅ አላት፣ ቪዛ ነሽ ማለት ነው እኮ ትርጉሙ። መጀመሪያ የት መኖር እንደምትፈልግ ጠይቃት፣ ዱራሜ እናቴ ጋ ብትልም ስማት፣ ተከራከር አላልኩህም፣ ስማት።

በራስህ በኩል ከሆነ ደሞ ቁጥር ልንገርህ፣ አካውንታንት ስለሆንክ ይገባሃል። ካናዳ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው መንገድ ሰው የምትመርጠው በነጥብ ነው፣ ከ2015 ጀምሮ። ላላገባ ሰው ለዕድሜ ብቻ ከ20 እስከ 29 ድረስ 110 ነጥብ ይሰጣል። 31 ላይ 99 ነው። 35 ላይ 77፣ 40 ላይ 50፣ 45 ላይ ዜሮ። ስለዚህ ያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ የምታየው ቪዲዮ በነጻ እንዳይመስልህ፣ ፓኬጁን ብቻ አደለም የሚበላው። ዲቪ ደሞ ለመላው ዓለም ቢበዛ 55,000 ሰው ነው በዓመት፣ ሚሊዮኖች የሚሞሉት ዕጣ ነው፣ ሎተሪ ቆርጦ ኪስ ውስጥ መክተት ይቻላል፣ ሎተሪ ቆርጦ ሶፋ አለመግዛት ግን ምን ይባላል? ፖርቹጋልም ከ2022 ጀምሮ ለውጭ ድርጅት በኢንተርኔት ለሚሰራ ሰው የምትሰጠው ቪዛ አላት፣ ግን የሀገሩን ዝቅተኛ ደሞዝ አራት እጥፍ በየወሩ እንደሚገባልህ አሳይ ትላለች፣ በብር መንዝረውና ከደሞዝህ ጋር አስተያየው። እና እባክህ ደላላ ጋ እንዳትሄድ፣ ‘ፕሮሰሱን እኔ እጨርስልሃለሁ’ የሚል ሰው ስታገኝ ቦርሳህን ይዘህ ሩጥ።

የቱ ይሻለኛል ላልከው መልሴ እንግዲህ ይሄ ነው፣ አልመርጥልህም፣ ግን አንድ ስራ ልስጥህ። ከአምስቱ አንዱን ውሰድና የአንድ ማክሰኞ ቀን ጻፍልኝ። ቅዳሜ አይሆንም፣ ቅዳሜማ የትም ደስ ይላል። ማክሰኞ፣ ህዳር ወር፣ ዝናብ። ከእንቅልፍህ ስትነሳ ማን አጠገብህ አለ፣ ስራህ ምንድነው፣ እንደ እዚህ አካውንታንት ነህ ወይስ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ትጭናለህ፣ ምሳ ምን ይዘሃል፣ ሲያምህ ለማን ትደውላለህ፣ ማታ ስትገባ ቤቱ ምን ይሸታል። ገንዘቡን ሳይቀር ጻፍ፣ ገቢ ወጪ አድርገህ። ያቺ ማክሰኞ ተጽፋ ካለቀች በኋላም ከጣመችህ ያ ሀገር ያንተ ሊሆን ይችላል፣ በዛው ሳምንት የእንግሊዝኛ ፈተናውን ተመዝገብ። ካልጣመችህ ደሞ የምትናፍቀው ሀገሩን ሳይሆን ምሽቱን ነው ማለት ነው፣ ማንም ሳይነካህ በእግርህ የምትሄድባትን አንዲት ሰዓት፣ ከሜክሲኮ አደባባይ አያት ታክሲ ተጋፍቶ የገባ ሰው ቢናፍቃት አይፈረድበትም።

ሞክረህ ማየት ከፈለግክም ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። ናይሮቢ ደጋ ናት፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ አየሯ እንዳዲስ አበባ ነው። የዓመት ፈቃድህን ውሰድና ሁለት ሳምንት ሂድ፣ ሆቴል ሳይሆን ክፍል ተከራይ፣ ቲማቲም በማታውቀው ቋንቋ ግዛ፣ ማታቱ የሚሉት ታክሲያቸው ውስጥ ተጋፋ፣ ሂሳብ ያታልሉህ፣ ትንሽ ይመምህ። በአስረኛው ቀን ማታ ስልክህን ስትከፍት የምትፈልገው ቪዲዮ የየት ሀገር እንደሆነ አይተህ ጻፍልኝ፣ ምናልባት ‘አያት በእግር’ የሚል ትፈልግ ይሆናል። (አብራህ ትምጣ እንዳልል ቤተሰቦቿን አላውቃቸውም፣ ያንን እናንተው ታውቃላችሁ።)

እኔ በመጨረሻ የመጣሁት ሐዋሳ ነው፣ ያላደግኩበት ከተማ፣ ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሀገሬ ጠራኝ ምናምን አደለም፣ ያቺን የራሴን ማክሰኞ ስጽፋት እዚህ ወጣች፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር በእግሬ የምሄድባት፣ አባ ኮዳ የሚሏቸው ትልልቅ ወፎች አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው ላይ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆመው የዓሣ ፍርፋሪ የሚጠብቁባት፣ ‘እትዬ ደህና ዋሉ’ የሚለኝ ልጅ ያለባት። ገደሏም አለ፣ ቢምቢ ነው፣ ባጃጅ ነው፣ መብራት ነው። እሱን እችለዋለሁ ብዬ ነው።

አሁን ሜትር ፈልግና መስኮትህን ለካ፣ ቁመቱንም ስፋቱንም፣ ቅዳሜ ስትመጣ ቁጥሩን ስጣትና አብራችሁ መርካቶ ውረዱ፣ ቀለሙን እሷ ትምረጥ። ሀገር ለቃችሁ ብትሄዱ መጋረጃ ይታጠፋል፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይወስድም፣ ይሄን ሳልሞክር አልነግርህም። ያቺ የስቶክሆልም ጥቁር መጋረጃዬ ስድስት ቤት ዞራ አሁን እዚህ መኝታ ቤቴ ተሰቅላለች። የዚህ ሀገር መስኮት ይረዝማልና ከስር አንድ ስንዝር አጥራለች፣ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በዛች ስንዝር በኩል ፀሐይ ትገባና እግሬ ላይ ትቀመጣለች።